ቴሌቪዥን ወደ ቤታችን በምን መንገድ ይግባ? በዲሽ ወይስ በኬብል?

አንድን ዕቃ ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤት ማስገባትና አንድን አገልግሎት ተዋውሎ ወደ ቤት ማስገባት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወንበር የገዛ ሰው ዋጋውን አንድ ጊዜ ከፍሎ ዘመኑን ሙሉ ይቀመጥበታል። የቴሌቪዥን ደንበኛ የሆነ ሰው ግን ቢያይም ባያይም፣ ቤት ቢውልም ለሥራ ቢወጣም፣ ወሩ በመጣ ቊጥር ይከፍላል። እንግዲህ የቴሌቪዥን ደንበኝነት በቤት ኪራይ ላይ እንደ ተጨመረ ሌላ ኪራይ ተቈጥሮ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ዛሬ በዚህ ዐምድ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጕዳይ በአሜሪካ አገር፣ በተለይም በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖሩትን ቤተ ሰቦቻችንን የሚመለከት ነው። ይኸውም ቴሌቪዥንን ወደ ቤት ለማስገባት ዲሽ ይሻላልን ወይስ ኬብል? የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ነገሩን ሳያጣሩ ፊርማ ማኖር በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ ያልታሰበ ወጪ ሊያስከትል እንደሚችል ከዚህ በታች በአኀዝ እናሳያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ዲሽ በአገር ቤትና ዲሽ በአሜሪካ

ከአገር ቤት የመጣ ሰው ለዲሽ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ጣራና በረንዳ ላይ የሚታየው ሳሕን መሳይ ዕቃ ከነሪሲቨሩ አንድ ጊዜ ተገዝቶ፣ ባለ ሙያ መጥቶ አቅጣጫውን ካስተካከለው በኋላ፣ ነጻ የሆኑት ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይታዩበታል። እንደ ዲ ኤስ ቲቪ ያለው ክፍያ የሚጠይቅ አገልግሎትም ቢሆን ገንዘቡ አስቀድሞ የሚከፈልበት ስለ ሆነ፣ ክፍያው ያለቀበት ሰው ሥዕሉ ይቋረጥበታል እንጂ ዕዳ አይከተለውም።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ዲሽ ማለት በአብዛኛው የሁለት ዓመት ውል ማለት ነው። ሪሲቨሩ የኪራይ ዕቃ ነው፤ ውሉን ቀኑ ሳይደርስ ያፈረሰ ሰው ቅጣት ይከፍላል። ያልተከፈለ ዕዳም ለዕዳ ሰብሳቢዎች ይተላለፍና፣ ባለ ዕዳው ቤት ሊከራይ ወይም መኪና በብድር ሊገዛ በሚሄድበት ጊዜ የሚመረመረውን የብድር ታሪኩን ሊያበላሽበት ይችላል። ስለዚህ «ዲሽ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ በአገር ቤት ልማድ መፈረም አደጋ አለበት።

የሁለቱ አሠራር

ዲሽ ሥዕሉን የሚቀበለው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኝ ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ በዚያ ከፍታ ሆኖ ምድርን አንድ ጊዜ የሚዞርበት ጊዜ ምድር በራስዋ ዛቢያ አንድ ጊዜ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ ከታች ለሚመለከተው በአንድ ስፍራ የቆመ ይመስላል። ዲሹም አንድ ጊዜ ወደ እርሱ ከተነጣጠረ በኋላ ከስፍራው መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። አሜሪካ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለምትገኝ፣ እዚያ የሚተከል ዲሽ ፊቱን ወደ ደቡብ ሰማይ ይመልሳል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ቤት ለዲሽ ይስማማ እንደ ሆነ ለማወቅ የመጀመሪያው ምርመራ በረንዳ ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ መመልከት ነው። በዚያ በኩል ረጅም ዛፍ ወይም ፎቅ ቆሞ እንደ ሆነ፣ ወይም የተከራዩት ክፍል በረንዳው ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ እንደ ሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ዲሽ አይሆንም። በብርድ ወራት ቅጠሉ ረግፎ የነበረ ዛፍ በሚያዝያና በግንቦት ለምልሞ ሥዕሉን ሊጋርድ እንደሚችልም መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ዝናም ነው። ከሳተላይት ወደ ቤታችን የሚወርደው ሞገድ ርዝመቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ወፍራም የዝናም ጠብታ ከፊሉን ይመጠዋል፤ ከፊሉንም ይበትነዋል። ስለዚህ ዶፍ በሚወርድበት ጊዜ ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቈራረጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይጠፋል። በዲሹ ላይ የተከመረ ርጥብ በረዶም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ የባለ ሙያው ጥፋት አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ ነው።

ኬብል ደግሞ ታሪኩ በ1948 ገደማ ይጀምራል። በፔንስልቬንያ፣ በኦሬገንና በአርካንሳስ በሚገኙ ትንንሽ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በተራራ ወይም በርቀት ምክንያት የቴሌቪዥን ሞገድ አልደርስ ባላቸው ጊዜ፣ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተክለው ከእርሱ ወደ እያንዳንዱ ቤት ሽቦ ዘረጉ። እንግዲህ ኬብል በመጀመሪያ የጐረቤታሞች የጋራ አንቴና ነበር። ዛሬ በዚህ ሥራ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ኮምካስት በ1963 በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት በቱፔሎ ከተማ የተመሠረተው ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ነው። በዛሬው ዘመን ከኩባንያው ጣቢያ እስከ ሰፈሩ የሚመጣው መስመር ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስተዋት ክር ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ የመዳብ ኬብል ነው።

ኬብልን ዝናም አያስፈራውም፤ ዛፍና ፎቅም አይጋርዱትም። ነገር ግን መስመሩ የተቈረጠ ወይም በሰፈሩ መካከል ያለው መሣሪያ መብራት ያጣ እንደ ሆነ፣ የአንድ መንገድ ነዋሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣሉ። ታላቁ ብልጫው ኢንተርኔት በዚያው መስመር አብሮ መምጣቱ ነው። ዲሽ የመረጠ ቤተ ሰብ ግን ለኢንተርኔቱ ሌላ ኩባንያ ፈልጎ ሌላ ክፍያ መክፈል ይኖርበታል፤ ይህንንም ከሒሳቡ መዘንጋት አይገባም።

ኩባንያዎቹ እነማን ናቸው?

በዲሽ በኩል ያሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1994 አገልግሎት የጀመረው ዳይረክት ቲቪ ነው። ሁለተኛው በ1996 የጀመረው ዲሽ ኔትወርክ ነው፤ ስሙ ከዕቃው ስም ጋር አንድ በመሆኑ ሁለቱን እንዳያምታቱ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለት ኩባንያዎች በመላው አሜሪካ የሚያገለግሉ ስለ ሆነ፣ የኬብል መስመር ባልተዘረጋበት ገጠር ሳይቀር ይገኛሉ።

የዲሽ ሥራ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ መጥቷል። ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ዳይረክት ቲቪን በ2015 በ48.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዝቶት ነበር። በ2018 ከኩባንያው ባለሥልጣኖች አንዱ የመጨረሻውን ሳተላይት እንዳመጠቁና ከእንግዲህ ሌላ እንደማያመጥቁ ተናገረ። በ2021 ዳይረክት ቲቪ ራሱን ችሎ ሲለይ የተገመተው በ16.25 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በመስከረም 2024 ደግሞ ዳይረክት ቲቪ የዲሽ ኔትወርክን የቴሌቪዥን ሥራ ከነዕዳው በአንድ ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ነበር፤ ሆኖም አበዳሪዎቹ ስላልተቀበሉት በኅዳር ወር ስምምነቱ ፈረሰ።

ይህን ሁሉ የምንተርከው ስለ ኩባንያዎቹ ትርፍና ኪሳራ ለመጨነቅ አይደለም። ደንበኛ እየሸሸው የሄደ ነጋዴ አዲስ ደንበኛ ለማግኘት ብዙ ቅናሽና ስጦታ ያቀርባል፤ የገባው ደንበኛ እንዳይወጣም ውሉን ያጠብቃል። ስለዚህ በዲሽ በኩል ጥሩ ቅናሽ ማግኘት ይቻላል፤ ቅናሹ ግን እስከ መቼ እንደሚቆይ መጠየቅ የበለጠ ያስፈልጋል።

በኬብል በኩል ምርጫው የሚወሰነው በሚኖሩበት ሰፈር ነው። በሞንትጎመሪ አውራጃና በአሌክሳንድርያ ከተማ ለረጅም ዘመን የሠራው ኮምካስት ሲሆን፣ አገልግሎቱንም ከ2010 ጀምሮ ኤክስፊኒቲ ብሎ ሰይሞታል። በፌርፋክስ አውራጃ ለብዙ ዘመን የሠራው ደግሞ ኮክስ ነው። በብዙ ሰፈሮች ቬራይዘን የመስተዋቱን ክር እስከ ቤት ድረስ አስገብቶ ፋዮስ በሚባል ስም ይወዳደራቸዋል። በ1992 የወጣው ሕግ የየአካባቢው መስተዳድር ለአንድ የኬብል ኩባንያ ብቻ ፈቃድ ሰጥቶ ሌላውን እንዳይከለክል ቢያዝም፣ መስመር መዘርጋት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ በአያሌ ሰፈሮች ያለው ኬብል አንድ ብቻ ነው። ሁለት ባሉበት ሰፈር የሚኖር ቤተ ሰብ ግን የአንዱን ዋጋ ይዞ ሌላውን ለመጠየቅ አይፈር።

የሚነገረው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በማስታወቂያው ላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፈው ዋጋና በወሩ መጨረሻ በሚመጣው ቢል ላይ የሚታየው ዋጋ አንድ አይደሉም። በመካከላቸው የሚገቡት ጭማሪዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ በየቴሌቪዥኑ ላይ ለሚቀመጠው ሣጥን የሚከፈል ኪራይ። ሁለተኛ፣ ለአካባቢው ጣቢያዎችና ለስፖርት ጣቢያዎች ተብሎ ለብቻው የሚጨመር ክፍያ፤ ይህም የመጣው ከላይ የጠቀስነው የ1992 ሕግ የአካባቢው ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን ከሚያስተላልፉት ኩባንያዎች ዋጋ እንዲጠይቁ ስለ ፈቀደላቸው ነው። ሦስተኛ፣ ፕሮግራም ቀድቶ ለሚያቆይ መሣሪያ የሚከፈል። አራተኛ፣ ቀረጥ። አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ሲያልቅ የሚመጣው የዋጋ ጭማሪ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንስጥ፤ ቊጥሮቹ ለማስረጃ የወሰድናቸው እንጂ የማንኛውም ኩባንያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ቤተ ሰብ በወር 70 ዶላር ተብሎ ለሁለት ዓመት ፈረመ እንበል። ሦስት ቴሌቪዥን ስላለው ለሁለቱ ተጨማሪ ሣጥኖች 10፣ 10 ዶላር ይከፍላል። ለአካባቢና ለስፖርት ጣቢያዎች 25 ዶላር ይጨመርበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚከፍለው 70 ሳይሆን 115 ዶላር ነው፤ በዓመት 1,380 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ቅናሹ አልቆ 70 የነበረው 100 ቢሆን፣ ወርኃዊው ክፍያ 145፣ የዓመቱ 1,740 ይሆናል። የሁለቱ ዓመት ድምር 3,120 ዶላር ነው። ቤተ ሰቡ ሲፈርም በልቡ የቈጠረው ግን 70 በ24 ወር ተባዝቶ 1,680 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 1,440 ዶላር መሆኑን ልብ ይሏል። ይህ ገንዘብ ለብዙ ቤተ ሰብ አገር ቤት ላሉት ወላጆች የሚላከው የብዙ ወራት ተቈራጭ ነው።

«እንግዲያስ ከመካከሉ አቋርጣለሁ» የሚል ቢኖር ቅጣቱን ያስብ። የዲሽ ኩባንያዎች ውሉን ቀድሞ ላፈረሰ ደንበኛ፣ ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 20 ዶላር ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። በዚህ ስሌት በዐሥረኛው ወር መጨረሻ ያቋረጠ ሰው ለቀሩት 14 ወራት 280 ዶላር ይከፍላል። ብዙ የኬብል አገልግሎቶች ግን ያለ ውል፣ ከወር እስከ ወር ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ወርኃዊ ዋጋቸው ጥቂት ከፍ ቢልም፣ ሥራውና መኖሪያው ገና ላልረጋ ቤተ ሰብ ነጻነቱ ከቅናሹ ይበልጥበታል። ሲያቋርጡም የኪራይ ዕቃዎቹን ሁሉ መልሶ ደረሰኝ መቀበልና ደረሰኙን በጥንቃቄ ማኖር ይገባል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ሁለት መብቶች

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሻጩ ቤት ድረስ ይመጣል ወይም በስልክ ይደውላል። አባት ከሌሊት ሥራ ገብቶ ደክሞታል፤ እናት ልትወጣ ተቻኵላለች፤ እንግሊዝኛውን የሚያስተረጕመው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ልጁ የስፖርቱንና የካርቱኑን ጣቢያ ብዛት አሳምሮ ይተረጕማል፤ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የውል ቃል ግን እርሱም አያስተውለውም። የቤተ ሰብ ዕዳ የሚወሰንበትን ወረቀት በሕፃን ትከሻ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና፣ «ወረቀቱን ተዉልን፤ አንብበን እንመልሳለን» ማለት ይበቃል።

ፈርመው የተቸገሩትም ቢሆኑ ፈጽመው ተስፋ አይቈርጡ። በ2019 የወጣው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተመልካቾች ጥበቃ ሕግ፣ የኬብልም ሆነ የዲሽ ኩባንያ ውሉ በተፈረመ በ24 ሰዓት ውስጥ ጭማሪዎቹ ሁሉ የተካተቱበትን ጠቅላላ ወርኃዊ ክፍያ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ደንበኛው ይህ ጽሑፍ ከቀረበለት በኋላ ባለው 24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። ይኸው ሕግ ኩባንያው ላልሰጠው ዕቃ ኪራይ እንዳይጠይቅም ይከለክላል። እንግዲህ ያ ጽሑፍ በኢሜይል ሲደርስ ሳይከፍቱ ማለፍ የአንድ ቀን መብትን በከንቱ መጣል ነው።

ሁለተኛው መብት ተከራዮችን የሚመለከት ነው። የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ተከራይ ለብቻው በሚጠቀምበት በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ዲሽ እንዳያቆም አከራዩ ሊከለክለው አይችልም። ነገር ግን መብቱ ወሰን አለው። በጋራ ጣራ ላይ ወይም በውጭው ግድግዳ ላይ መትከልን አይጨምርም፤ ግድግዳ መብሳትንም አከራዩ ሊከለክል ይችላል። ለደኅንነት ወይም ለታሪካዊ ሕንጻ ጥበቃ ሲባል የሚደረግ ክልከላም ይጸናል። ስለዚህ ዲሹ በበረንዳው ውስጥ በማቆሚያ ላይ ቢቆምና ሽቦው ሳይበሳ ቢገባ ክርክር አያስነሣም።

ሦስተኛውና አራተኛው መንገድ

ከሁለቱ ሌላ መንገድ የሌለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አለ እንጂ! የመጀመሪያው ተራው አንቴና ነው። አሜሪካ በሰኔ 2009 ዋና ዋናዎቹን ጣቢያዎች ወደ ዲጂታል ሥርጭት ካዛወረች ወዲህ፣ ኤ ቢ ሲ፣ ሲ ቢ ኤስ፣ ኤን ቢ ሲ፣ ፎክስና የሕዝብ ጣቢያ የሆነው ፒ ቢ ኤስ ጥርት ባለ ሥዕል በነጻ ከአየር ይገኛሉ። በመስኮት ላይ የሚለጠፍ አንቴና አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። በአገር ቤት የለመድነውን የነጻ ዲሽ ጠባይ በአሜሪካ የያዘው ይህ ትንሽ አንቴና ነው ብንል አልተሳሳትንም። ኬብል ወይም ዲሽ ከመዋዋል በፊት አንቴና ገዝቶ መሞከር፣ ካልሠራም ለሱቁ መመለስ ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚመጣው ቴሌቪዥን ነው። ኒልሰን የተባለው የተመልካች መለኪያ ድርጅት እንደ ገለጸው፣ በግንቦት 2025 አሜሪካውያን ከቴሌቪዥን ፊት ካሳለፉት ጊዜ 44.8 በመቶው በኢንተርኔት ለሚመጣው ሲሆን፣ የአየሩና የኬብሉ ድምር 44.2 በመቶ ነበር። ኢንተርኔቱ የሁለቱን ድምር ሲበልጥ ያ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ውል ስለሌለው በማናቸውም ወር ማቋረጥ ይቻላል። ሆኖም ርካሽነቱ ለዘለዓለም ነው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ዩቲዩብ ቲቪ በ2017 ሲጀመር 35 ዶላር የነበረው ወርኃዊ ዋጋ በጥር 2025 ወደ 82.99 ዶላር ከፍ ብሏል። ይህ የሚከፈልበት ዩቲዩብ ቲቪ በነጻ ከሚታየው ከዩቲዩብ የተለየ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤታችን ምን ያያል?

አሁን ከዋጋው ሁሉ የሚቀድመውን ጥያቄ እንጠይቅ። ሻጩ «ከ200 በላይ ጣቢያ አለን» ይላል። ነገር ግን አንድ ቤተ ሰብ ስንቱን ያያል? ለአንድ ሳምንት ያህል ወረቀትና እርሳስ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አኑሮ፣ በእውነት የታየውን መጻፍ ነው። በብዙ ቤት ዝርዝሩ ከስምንት ወይም ከዐሥር እንደማያልፍ እናምናለን።

ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ እያንዳንዱ ከየት እንደሚገኝ ይመርመር። አያት የሚከታተሉት የአማርኛ ዜና፣ ስብከቱና ዝማሬው እንደ ሆነ፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ጣቢያዎችና መንፈሳውያን ዝግጅቶች ዛሬ በነጻው ዩቲዩብ ስለሚገኙ፣ ለእነዚህ ሲሉ ውድ የኬብል ጥቅል መግዛት አያስፈልግም። ለልጆች የሚሆኑት ትምህርታዊ ዝግጅቶች በፒ ቢ ኤስ በነጻ ከአየር ይገኛሉ። የአባት የእንግሊዝ እግር ኳስ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ መብቱን የያዘው ኤን ቢ ሲ ጨዋታዎቹን ከፋፍሎ፣ ጥቂቱን በአየር፣ ብዙውን በኬብልና በዲሽ በሚገኝ ጣቢያ፣ የቀረውንም ፒኮክ በሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ሲያሳይ ቆይቷል። ስለዚህ «እግር ኳስ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «የትኛው ውድድር፣ በየትኛው ጣቢያ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የኢንተርኔቱ ቴሌቪዥን የይለፍ ቃል፣ ምዝገባና ብዙ ማውጫ ስላለው አረጋውያንን ያስቸግራል። ቀን ቀን ብቻቸውን የሚውሉ አረጋዊት እናት ባሉበት ቤት፣ ቊጥር ተጭነው ጣቢያ የሚያገኙበት የኬብል ሪሞት ለእርሳቸው ትልቅ ዕረፍት ነው። እንዲህ ያለውን ጥቅም በገንዘብ ብቻ መመዘን አይቻልም፤ ወይም ደግሞ ከልጆቹ አንዱ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ታግሦ ያስተምራቸው።

ስለ ቴሌቪዥኑ ብዛት

ከላይ ባየነው ምሳሌ ሁለቱ ተጨማሪ ሣጥኖች ብቻ በሁለት ዓመት 480 ዶላር ያስወጣሉ። ይህ የገንዘብ ብቻ ጕዳይ አይደለም። በየመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥን በገባ ቊጥር፣ ራቱን በልቶ እያንዳንዱ ወደየክፍሉ ይገባል፤ አንድ ጣራ ሥር ያለው ቤተ ሰብ በአራት ግድግዳ ይከፋፈላል። ልጁ ምን እንደሚያይ ወላጅ አያውቅም፤ ወላጁም የሚስቅበትን ልጁ አይሰማም። በሣጥኖቹ ውስጥ ለልጆች የማይገባውን የሚዘጋ የምስጢር ቊጥር ማስገባት ይቻላልና ወላጆች ይህን ያድርጉ፤ ነገር ግን አብሮ ተቀምጦ ማየትን የሚያህል መቈጣጠሪያ የለም። እንግዲህ በሳሎን የሚቀመጥ አንድ ቴሌቪዥን ኪስንም ቤተ ሰብንም ይጠብቃል።

ማጠቃለያ

ከተባለው ሁሉ ፍርዳችንን በአጭሩ እንሰጣለን።

1ኛ. ዲሽ የሚስማማው ከከተማ ርቆ ኬብል በማይደርስበት ስፍራ ለሚኖር፣ ወይም በራሱ ቤት ረግቶ ለተቀመጠ፣ ደቡቡም ክፍት ለሆነለት፣ ሁለት ዓመት እንደማይዛወር ለሚያውቅ ቤተ ሰብ ነው።

2ኛ. ኬብል የሚስማማው ኢንተርኔትንና ቴሌቪዥንን ከአንድ ስፍራ ለሚፈልግ፣ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር፣ አረጋውያንም ላሉበት ቤት ነው፤ ቢቻል ያለ ውል።

3ኛ. ኢንተርኔት አስቀድሞ ያለው፣ የሚያየውም የአማርኛ ዝግጅት፣ የአካባቢ ዜናና የልጆች ፕሮግራም ብቻ የሆነ ቤተ ሰብ ከሁለቱ አንዱንም አያስፈልገውም፤ አንቴናና ነጻው ዩቲዩብ ይበቁታል። በእኛ ግምት ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በዚህ ሦስተኛው ክፍል የሚገኙ ናቸው።

4ኛ. ማንም ቢሆን ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ጭማሪዎቹ ሁሉ ተደምረው በወር ስንት ነው? ቅናሹ የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው፣ ከዚያስ በኋላ ስንት ይሆናል? ውሉን ባፈርስ ቅጣቱ ስንት ነው? ቤት ብቀይርስ ምን ይሆናል? ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ለመስጠት የማይፈልግ ሻጭ በመልካም ቃል ይሰናበት።

አባቶቻችን መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ይሉ ነበር። ድስቱ ከተጣደ በኋላ መቈጨት ወጡን አያጣፍጠውም። የቴሌቪዥን ውልም እንዲሁ ነውና፣ ባልና ሚስት ሒሳቡን በአንድነት ተቀምጠው በወረቀት ላይ ደምረው፣ የሃያ አራቱን ወር ጠቅላላ አኀዝ በዐይናቸው አይተው፣ ከዚያ በኋላ ቢፈርሙም ባይፈርሙም በተረጋጋ ልብ ይሆናል።